ዴክሳሜታሶንን ከነርቭ ማደንዘዣ ጋር መጠቀም፦ ከሲሪንጁ ወደ ደም ሥር የተሻገርኩበት ምክንያት

የክንድ ስብራት ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች፣ በአልትራሳውንድ እየታገዝኩ ከአንገት አጥንት በላይ ያለውን የነርቭ ጉንጉን ማደንዘዝ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ሥራዬን የምመዝነው ቀዶ ሕክምናው ያለ ሕመም በመጠናቀቁ ብቻ ነበር። ጠዋት ቡፒቫኬይን በተባለው ማደንዘዣ ያደነዘዝኩት ክንድ ሌሊት እንደሚነቃ ባውቅም፣ የሕመሙን ክብደት በትክክል የተረዳሁት አንዲት እናት በማግስቱ ስጠይቃቸው “ቀን የሰጠኸኝን እረፍት ሌሊቱ መልሶ ወሰደው” ባሉኝ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ መደንዘዙ እንዲረዝም ዴክሳሜታሶን የተባለውን ስቴሮይድ 8 ሚሊ ግራም ከማደንዘዣው ጋር በአንድ ሲሪንጅ እየቀላቀልኩ መስጠት ጀመርኩ፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቼም ሌሊቱን ተኝተው ያድሩ ጀመር። መጠኑን ወደ 4 ሚሊ ግራም ስቀንሰው ግን የጎላ ልዩነት አላየሁም።

አንድ ቀን ቡፒቫኬይን በማጣቴ ሮፒቫኬይን የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ ቀዳሁና ስቴሮይዱን ስጨምርበት፣ ጥርት ያለው ፈሳሽ ዓይኔ እያየ ደፈረሰ፤ ወደ ብርሃን አቅንቼ ሳየውም ደቃቅ ነጫጭ ቅንጣቶች ይንሳፈፉበት ነበር። ሮፒቫኬይን የአሲድነቱ መጠን ሲቀንስ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል፣ ከዴክሳሜታሶን ጋር ሲገናኝ ክሪስታል ይሠራል። ሲሪንጁን ጣልሁት። ሳላስተውል ወግቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ለብዙ ቀናት ስጨነቅ ቆየሁ፤ ዴክሳሜታሶን በነርቭ ዙሪያ እንዲሰጥ በአምራቾቹ መመሪያ ያልተፈቀደ መሆኑንም ከዚያ በፊት በቁም ነገር አስቤበት አላውቅም ነበር።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ፣ በክንድና በእጅ ቀዶ ሕክምና ላይ መድኃኒቱ በነርቭ ዙሪያ ሲሰጥ የመደንዘዙን ጊዜ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ፣ በደም ሥር ሲሰጥም 6 ሰዓት ገደማ እንደሚያራዝም ያሳያል፤ ሁለቱ በቀጥታ ሲነጻጸሩ በነርቭ ዙሪያ የሚሰጠው በ3 ሰዓት ገደማ ይበልጣል። እኔ ለዚያ ትርፍ ስል ነርቭ አጠገብ ቅልቅል ማስቀመጥን ስላልመረጥኩ፣ አሁን በደም ሥር ብቻ እሰጣለሁ። ነቅቶ ላለ ሰው በፍጥነት ከተገፋ በብልት አካባቢ ኃይለኛ የማቃጠልና የማሳከክ ስሜት ስለሚፈጥር ቀስ ብዬ፣ አስቀድሜም አስረድቼ ነው የምሰጠው። የስኳር ሕመም ላለባቸው ደግሞ የደም ስኳራቸው በማግስቱም ጭምር እንዲለካ አዛለሁ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የመደንዘዙ መርዘም ራሱ ነው። በጡንቻ መታፈን ምክንያት ደም የተነፈገ ክንድ ዋነኛ ምልክቱ ሕመም በመሆኑ፣ ይህ ሥጋት ባለበት ስብራት ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሳልመካከር ብሎክ (የነርቭ ማደንዘዣ) አልሠራም፤ ሐኪሙ የጣቶቹን እንቅስቃሴ ወዲያው መፈተሽ ከፈለገም ስቴሮይዱን እተወዋለሁ። የደነዘዘ ክንድ ትኩስ ነገር ቢነካው ስለማይሰማው፣ ክንዱ በማንጠልጠያ ተይዞ እንዲቆይ ለታካሚውም ለአስታማሚውም እነግራለሁ።

ስቴሮይዱ ሕመሙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ብሎኩ የተሰጠበትን ሰዓት በካርዱ ላይ ጽፌ፣ ጣቶቻቸውን መውረር ሲጀምራቸው ሕመሙን ሳይጠብቁ የታዘዘላቸውን ክኒን እንዲወስዱ እነግራቸዋለሁ፤ ከመኝታ በፊት ካልጀመራቸውም ክኒኑን ወስደው እንዲተኙ አደርጋለሁ።