ሦስተኛው ምስክር፦ በቤዝቦል ሲሙሌሽን ሊግ የተዘነጉ ታዳጊዎችን የመፈለግ ልምዴ

አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል በተባለው የሲሙሌሽን ጨዋታ በሚካሄድ አንድ ሊግ ውስጥ ቡድን በሥራ አስኪያጅነት መምራት ከጀመርኩ ስድስት የውድድር ዘመናት ተጠናቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የማካፍላችሁ ከነዚህ ዘመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በማይነር ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ባሉት የማሳደጊያ ሊጎች) ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ተጫዋቾች እንዴት እንደምፈልግ፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩና ስሕተቱን ካወቅኩ በኋላ ምን እንደቀየርኩ ነው። ጨዋታውን ገና ለጀመሩ ወዳጆች ለመግለጽ ያህል፣ በዚህ ሲሙሌሽን ውስጥ ኳስ የሚመታም የሚወረውርም ኮምፒውተሩ ነው። የእኛ ድርሻ ተጫዋች ማስፈረም፣ መለወጥ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ ማሳደግና በጀት መመደብ ነው። ማርከስ ሃይንዞን የተባለ ጀርመናዊ የፈጠረው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚወደድበት ዋና ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ ከዋናው ሊግ በታች ያለውን ሰፊ ዓለም ሳይንቅ ማካተቱ ነው።

በሊጋችን 30ውም ቡድኖች በሰው ይመራሉ፤ ተጫዋቾቹ ግን በሙሉ ጨዋታው የፈጠራቸው ናቸው። አደረጃጀቱ የአሜሪካውን ይከተላል። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ከዋናው ሊግ ቡድኖች ጋር የተያያዙት የማይነር ሊግ ቡድኖች 120 ሲሆኑ፣ ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ እና ሲንግል ኤ በሚባሉ አራት ደረጃዎች ተከፍለዋል። ከእነሱም በታች በአሪዞና፣ በፍሎሪዳና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚካሄዱ የጀማሪዎች ሊጎች አሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር በሺዎች የሚቆጠር ተጫዋች ማለት ነው፤ የእያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የለም። እኔ የምመራው ቡድን ገቢው አነስተኛ በመሆኑ ውድ ተጫዋች ማስፈረም አይችልም፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሳያነብ ያለፈውን ገጽ ማንበብ ለእኔ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ሆነብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘመናት የሠራሁት ሁሉም ጀማሪ የሚሠራውን ነበር። ዝርዝሩን በእምቅ ችሎታ ኮከቦች ብዛት ደርድሬ ከላይ ያሉትን እጠይቅ ነበር። ይሁን እንጂ ዝርዝሩን በኮከብ የደረደርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሃያ ዘጠኙም ተወዳዳሪዎቼ ያንኑ አምድ ተጭነው ያንኑ ስም ያያሉ፤ በመሆኑም ባለቤቶቻቸው የሚጠይቁት ዋጋ ከእኔ አቅም በላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ውጤት አዞርኩ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ሠራሁ። በትሪፕል ኤ በአንድ ዘመን 32 ሆም ራን (ኳሱን ከአጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) የመታ የ27 ዓመት ተጫዋች አገኘሁና ሁለት ወጣት ወርዋሪዎችን ሰጥቼ አመጣሁት። ዋናው ሊግ ላይ ሲቆም ኳሱ እስከ አጥር ድረስ ሄዶ በተከላካዮች እጅ ይገባ ጀመር። ምክንያቱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ተጫዋቹ ሲጫወት የነበረው በፓሲፊክ ኮስት ሊግ ሲሆን፣ በዚያ ሊግ ውስጥ እንደ አልበከርኪ፣ ሬኖ እና ሶልት ሌክ ያሉ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች አሉ። አልበከርኪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የተመታን ኳስ የሚገታበት ጉልበት ያንሰዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ስስ አየር በሯጭ ሳንባ ላይ የሚያደርገውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በኳስ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላሰብኩም ነበር። ሲሙሌሽኑ የእያንዳንዱን ሜዳ ባሕርይ በቁጥር ስለሚይዝ መረጃው ፊቴ ነበር፤ ያላየሁት ስላልፈለግኩት ብቻ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመቺን ቁጥር ከማንበቤ በፊት የተመታበትን ከተማ አነባለሁ።

ሁለተኛው ያረምኩት ነገር ዕድሜን ነው። ያ መቺ 27 ዓመቱ ነበር፤ ሲገጥማቸው የነበሩት ወርዋሪዎች ግን ብዙዎቹ ከእሱ በዕድሜ ያንሱ ነበር። በአንጻሩ በደብል ኤ አብዛኛው ተጫዋች ከ23 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ በሚገኝበት ቦታ አንድ የ20 ዓመት ልጅ መካከለኛ ውጤት ካስመዘገበ፣ ያ መካከለኛ ውጤት ከታላላቆቹ ድንቅ ውጤት የበለጠ ይነግረኛል። ዛሬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የማሰፍረው ዕድሜውንና ደረጃውን ነው፤ የመምቻ አማካዩ የሚመጣው በመጨረሻው አምድ ነው።

ከሦስተኛው ዘመን በኋላ የምከተለው አሠራር በአገራችን የሽምግልና ወግ ላይ የተመሠረተ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሰው ብቻውን በመሰከረው ነገር አልፈርድም። የመጀመሪያው ምስክር የራሴ የመልማዮች ኃላፊ ነው። ሁለተኛው በጨዋታው ውስጥ ለሁሉም ቡድን እኩል የሚታይ ግምት የሚያወጣው የጋራ የምልመላ ተቋም ነው። ሁለቱም ከ20 እስከ 80 በሚደርሰው መለኪያ ይናገራሉ፤ በዚህ መለኪያ 50 የዋናው ሊግ አማካይ ሲሆን፣ በየ10 ነጥቡ የሚደረግ ጭማሪ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ግምት እንጂ እውነቱን አይደለም፤ የምልመላ ትክክለኛነት ዝቅ ተደርጎ በተቀመጠበት እንደ እኛ ባለ ሊግ ውስጥ ስሕተታቸው ሰፊ ነው። ሦስተኛው ምስክር ሜዳው ራሱ ነው። ከሜዳውም ውጤት ውስጥ በቅድሚያ የምሰማቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ። ወርዋሪው ከገጠማቸው መቺዎች ስንት በመቶውን በስትራይክ አውት (ኳሱን ወደ ሜዳ ሳይመቱ ተራቸውን በማስጨረስ) እንዳሰናበተና ለስንት በመቶው ነጻ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ)፣ ማለትም ዎክ፣ እንደሰጠ አያለሁ። እነዚህ ሁለቱ በተከላካዮች ብቃት አይወሰኑም፤ ዕድልም በእነሱ ላይ ያለው ሥልጣን አነስተኛ ነው።

ሦስቱ ምስክሮች ሲጣሉ ነው ሥራዬ የሚጀምረው። መጣላታቸው ብቻውን ግን አይበቃኝም፤ የተጣሉበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ማስረዳት ካልቻልኩ ተጫዋቹን አልጠይቅም።

በአራተኛው ዘመን መጀመሪያ ያገኘሁትን ግራኝ ወርዋሪ እንደ ምሳሌ ላንሳ። ልጁ 22 ዓመቱ ሲሆን በሃይ ኤ ይጫወት ነበር። የእኔ ኃላፊ የወደፊት አቅሙን 40 ሲለው የጋራው ተቋም 50 ብሎታል። በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ የሚቆጠርበት የነጥብ አማካይ (ሲያንስ የሚሻል ነው) ከ5 በላይ ስለነበር በውጤት የሚደረድር ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። ሆኖም ከገጠማቸው መቺዎች 29 በመቶውን በስትራይክ አውት አሰናብቶ ዎክ የሰጠው ለ6 በመቶው ብቻ ነበር። ታዲያ ነጥቡ ለምን ይቆጠርበታል? ተመትተው በሜዳው ውስጥ የሚቀሩ ኳሶች በተለምዶ 30 በመቶ ያህሉ ለመቺው ቤዝ ያስገኛሉ፤ በእሱ ላይ ግን ይህ ቁጥር ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። የቡድኑን አሰላለፍ ከፍቼ ስመለከት ሾርትስቶፕ ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል፣ የቆመው ልጅ ለመምታቱ ሲባል የተሰለፈ እንጂ ኳስ የማቆም ችሎታ የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ሜዳው በሁለት ድምፅ የሚናገር የመሰለኝ ለዚህ ነበር። የእኔ ኃላፊ የሰጠው ዝቅተኛ ግምት ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ገጹን ሳነብ ከተግባራዊ ብቃት ይልቅ ለተፈጥሮ ጉልበት የሚያደላ መልማይ መሆኑን አየሁ፤ የልጁ ፈጣን ኳስ ደግሞ በሰዓት 90 ማይል አይሞላም። ሁለቱንም ምክንያቶች ጻፍኩና ለባለቤቱ አንድ የ33 ዓመት ተጠባባቂ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) አቀረብኩለት። በዚያው ቀን ተስማማ። በአሁኑ ጊዜ ግራኙ የቡድኔ ሦስተኛ መነሻ ወርዋሪ (ጨዋታን ከመጀመሪያው የሚወረውር) ነው፤ ከፈጣን ኳስ በተጨማሪ የሚሠሩ ሁለት የውርወራ ዓይነቶች ስላሉትና ትንፋሹ ስለሚበቃው በመነሻነት ጸንቷል።

እንዲህ ያለው ነገር በእውነተኛው ቤዝቦል የታየ መሆኑ ያበረታኛል። ወርዋሪው ዮሃን ሳንታና በ1999 በሚቺጋን ሲንግል ኤ ሲጫወት የነጥብ አማካዩ የሚያስመካ አልነበረም፤ ነገር ግን በአንድ ኢኒንግ ወደ አንድ የሚጠጋ ስትራይክ አውት ያስመዘግብ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በተካሄደው ሩል ፋይቭ ድራፍት (ቡድኖች ሌላው ቡድን ያልጠበቀውን የማይነር ሊግ ተጫዋች የሚመርጡበት) ቡድኑ ሂዩስተን አስትሮስ ጥበቃ ስላላደረገለት ፍሎሪዳ ማርሊንስ መርጦት ወዲያው ወደ ሚኒሶታ ትዊንስ ተሻገረ። በ2004 እና በ2006 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት አገኘ። ከእሱ በፊት ደግሞ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1954 በዶጀርስ የማይነር ሊግ ቡድን በሞንትሪያል ብዙም ሳይሰለፍ ተቀምጦ ከርሞ በዚያው ኅዳር በዚሁ ድራፍት ፒትስበርግ ፓይሬትስ ከዶጀርስ ወሰደው። ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው ስላልቻለ ሳይሆን ስላልተሰለፈ ነበር። ስለዚህ የተሰለፈበት ጊዜ ያነሰ ተጫዋች ሳገኝ በቁጥሩ አልፈርድም፤ ከፊቱ ቆሞ የከለከለው ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ሩል ፋይቭ ለእንደኔ ዓይነቱ ቡድን የሚከፍተው በር ጠባብ ቢሆንም እውነተኛ ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ተጫዋች አምስት፣ በ19 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ የፈረመ ደግሞ አራት ዘመን ካለፈው በኋላ ቡድኑ በሚጠብቃቸው ተጫዋቾች የ40 ሰው ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ሌላ ቡድን 100,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። ወሳጁ ግን ዓመቱን ሙሉ ለዋናው ሊግ ጨዋታ በሚይዘው የ26 ሰው ዝርዝሩ ላይ ማቆየት አለበት፤ ካልቻለ በ50,000 ዶላር ለቀድሞው ቡድን እንዲመለስ ያቀርበዋል። ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ያንን አንድ ቦታ ለታዳጊ ሊያውል አይችልም። እኔ ባለፉት ሁለት ዘመናት ችያለሁ፤ በአምስተኛው ዘመን የወሰድኩት ተጫዋች ሾርትስቶፕ ሲሆን፣ በቀድሞ ቡድኑ ከእሱ የተሻለ ወጣት ስለነበረ ሦስት ዓመት በተጠባባቂነት ያሳለፈ ነው። ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛውሬው ልምዱ እስኪያድግ ታገሥኩት፤ ቦታ መቀየር ብዙ የሚያስገኝ ነገር ነው። በ1988 በአዲስ ተጫዋቾች ድራፍት በ62ኛው ዙር፣ በ1,390ኛ ተራ የተመረጠው ማይክ ፒያዛ በአንደኛ ቤዝ ቢቀር ኖሮ ዕጣው ምን እንደሚሆን አስባለሁ፤ ወደ ካቸርነት ተዛውሮ በ2016 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል።

የከሸፈብኝንም መደበቅ አልፈልግም። በአምስተኛው ዘመን መጨረሻ ሦስቱም ምስክሮች በአንድ ቃል ያመሰገኑት የ20 ዓመት የመሐል ሜዳ ተከላካይ አገኘሁና ደስታዬ ወሰን አጣ። ሁለት ተስፋ የተጣለባቸው ወርዋሪዎችና አንድ መቺ ሰጥቼ ወሰድኩት። በቀጣዩ የጸደይ ልምምድ ጉልበቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ስምንት ወር ከሜዳ ራቀ፤ ሲመለስም ፍጥነቱ ቀንሶ ግምቱ ወርዶ ነበር። ጉዳቱን አስቀድሜ ማወቅ አልችልም ነበር። ዋጋውን ግን ማወቅ እችል ነበር። ምስክሮቼ ሁሉ ከተስማሙ የሌሎቹም ሥራ አስኪያጆች ምስክሮች ተስማምተዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ተጫዋች የተዘነጋ ስላልሆነ የከፈልኩት ሙሉ ዋጋውን ነበር፣ ለክፉ ቀን የሚተርፍ ትርፍ በልውውጡ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምስክሮቹን ስምምነት ስመለከት ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቀጣዩ ገጽ እሄዳለሁ። የሥራ ትጋቱና የጉዳት ታሪኩ የተጻፈበትን ክፍልም አሁን ከልውውጥ በፊት አነባለሁ፤ ትጉህ ያልሆነ ታዳጊ በሲሙሌሽኑም ውስጥ ቢሆን የተገመተለት ላይ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

በዚህ ሳምንት የሰባተኛውን ዘመን ዝግጅት ጀምሬአለሁ። በደብተሬ ላይ አራት ስሞች ነበሩ፤ ሁለቱን ሰርዣለሁ። አንደኛው ሆም ራኖቹን የመታው ሬኖ ሜዳ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ የሁለተኛው የዎክ መጠን በየወሩ እየጨመረ መጣ። ከቀሩት አንዱ በደብል ኤ የሚወረውር የ23 ዓመት ቀኝ እጅ ነው፤ ምስክሮቹ ተጣልተዋል፣ ግን የተጣሉበትን ምክንያት እስካሁን መጻፍ ስላልቻልኩ የመጨረሻዎቹን አሥር ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። አራተኛው በሲንግል ኤ የከረመ ካቸር ሲሆን፣ ሲመታ የሚያገኘው ዎክ ከስትራይክ አውቱ ይበልጣል፤ የጋራው ተቋም የኃይል ግምቱን 35 በማለቱ ማንም አልጠየቀውም፣ ቡድኑም በ40 ሰው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ድራፍቱ የሚካሄደው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ተጠባባቂ ተጫዋቼን አሰናብቼ በ26 ሰው ዝርዝሬ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ትቼለታለሁ።