ሞተ ያልኩት ብሌንደር

ባለፈው እሁድ ብሌንደራችን እጄ ላይ ሞተ። ገደልኩት ብል ይሻላል መሰለኝ። በረዶ እየፈጨሁ ነበር፤ ሞላሁ፣ ፈጨሁ፣ ገለበጥኩ፣ ደግሞ ሞላሁ፣ ደግሞ ፈጨሁ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ እንኳን አልሰጠሁትም። አራተኛው ዙር ላይ ድምፁ ወረደ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ከዚያ ጭጭ። ቁልፉን አጥፍቼ እንደገና አበራሁት። ምንም።

ባለቤቴ ከሳሎን ሆና «ምንድነው የሚሸተው?» አለች።

«ምንም» አልኳት።

እንዲህ ሲሆን ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ በቃ።» እኔም ልጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ሊበላሹ የሚችሉ ብዙ ትናንሽ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ሳያዩ ሬሳ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

ከውጭ ጀመርኩ። ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰካሁበት፣ ይሠራል። ከዚያ ብሌንደሩን ነቅዬ አንድ ሰዓት ያህል ተውኩት፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያጠፉ፣ ሲቀዘቅዙ ደግሞ ራሳቸው የሚመለሱ መከላከያ አላቸው፣ ሰው ይሄን ሳያውቅ ደህና ዕቃ ይጥላል። የእኔ ቀዝቅዞም አልተነሳም። ሌላው የሚረሳው ነገር ጆጉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ናት። ጆጉ በደንብ ካልተቀመጠ ምላጩ እንዳይነሳ የምታደርገው እሷ ናት፤ ዙሪያዋን የፈሰሰ ነገር ደርቆበት ከያዛት ብሌንደሩ ጆጉ የለም ብሎ ያስባል። እንደተነቀለ በስቴኪኒ ጎርጉሬ አጸዳኋት፣ ስጫናት «ጠቅ» ትላለች። ደህና ናት።

እንግዲህ መክፈት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማጥፋትና መንቀል አንድ አይደለም። የብዙ ዕቃዎች ማብሪያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፣ ሌላው ውስጥ ድረስ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስፒናው ተነቅሎ ዓይናችሁ ፊት ካልተቀመጠ ካቻቪቴ አታንሱ።

ገለበጥኩት። አንድም ብሎን የለም! ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ከጎማ እግሮቹ ስር ተደብቀዋል። ጎማዎቹን ስነቅል አራት ብሎን አገኘሁ፤ ሁለቱ የተለመዱት ባለ መስቀል፣ ሁለቱ ግን ጭንቅላታቸው ባለ ሦስት ማዕዘን። ይሄ ለጥንካሬ የተደረገ አይደለም። የሠራው ሰው እንድትከፍቱት አልፈለገም፣ አለቀ። ደግነቱ የተለያየ ጫፍ ያለው የካቻቪቴ ስብስብ ነበረኝ።

ከዚያ ደግሞ ከላይ ያለው የጎማ ጥርስ አልፈታ አለኝ፣ ምላጩን የሚያዞረው ማለቴ ነው። ዘንጉን ከስር በፒንሳ ይዤ ወደ ግራ ባዞር፣ ብታገል፣ ጭራሽ እየጠበቀ ሄደ። ሩብ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ብዙ ብሌንደሮች ላይ ይሄ ጥርስ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ሞተሩ ሲዞር እያላላ እንዳያወጣው ተብሎ የተደረገ ነው። ወደ ቀኝ አንዴ ጠምዘዝ ሳደርገው እጄ ላይ ወጣ።

ውስጡ በጥቁር አቧራ ተሸፍኗል። ይሄ እንዳያስደነግጣችሁ፣ የካርቦን ብናኝ ነው። ካርቦኖቹ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ጥቁር ቁራጮች ናቸው፣ ከኋላቸው ሞላ ይገፋቸዋል፣ የሚዞረውን መዳብ እየታከኩ ኤሌክትሪክ ያቀብሉታል። እየታከኩ ያልቃሉ ደግሞ። ሽቦ ከመንካቴ በፊት የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ (ያለፈው ጊዜ «አስታውሰዋለሁ» ብዬ ያበላሸሁት የፀጉር ማድረቂያ አለ፣ ስለሱ አላወራም)። አንዱን ካርቦን ሳወጣ ሞላው ፈንጥሮ ፍሪጅ ስር ገባ። ወለል ላይ ተኝቼ በስልክ መብራት ስፈልግ ባለቤቴ መጣች፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትል ተመለሰች።

ካርቦኖቹ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቀርቷቸዋል። ግማሽ ሳንቲሜትር ከመድረሳቸው በፊት መቀየሩ ጥሩ ነው፣ የእኔዎቹ ግን ገና ናቸው። መዳቡም አልተበላም። በጣም የፈራሁት የሞተሩን የሽቦ ጥቅል ነበር። የሞተር ሽቦ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ሲቃጠል ጠቁሮ ይላጣል፣ ያንን ካያችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ዕቃውን ተሰናበቱት፤ ለብሌንደር ብሎ ሞተር ማስጠቅለል ልፋቱ አይከፍልም። የእኔ ግን እንዳለ ነው፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

መልቲሜትሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ማለቴ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ አደረግኩና (መስመሩ ካልተቆረጠ ቢፕ ይላል) ከስፒናው ጀምሮ ሽቦውን ተከተልኩ። ከስፒናው እስከ ማብሪያው፣ ቢፕ። ገመዱን ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ እያጣመምኩ ደገምኩት፣ ምክንያቱም ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው፣ አሁንም ቢፕ። ማብሪያው ሲበራ ቢፕ። ከማብሪያው ወደ ጥቅልሉ... ዝም። መሃል ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ የጨርቅ ቱቦ ለብሳ ጥቅልሉ ላይ በክር የታሰረች፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ነገር። ቱቦውን ገፋ ሳደርገው ጽሑፍ አላት፤ 130 ዲግሪ፣ 250 ቮልት፣ 5 አምፔር። የሙቀት ፊውዝ ናት። ሙቀቱ እዚያ ሲደርስ ውስጧ ያለው ነገር ይቀልጥና መስመሩን ትቆርጣለች፣ ከዚያ ወዲያ አትመለስም። ያ ሁሉ ሽታ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ እኔ አልሰማሁም፣ እሷ ሰማች።

ኤሌክትሪክ ለሚነካካ ጓደኛዬ ደወልኩለት። «ምን ያለፋሃል፣ ቀጥታ በሽቦ አገናኘው» አለኝ። እወደዋለሁ፣ ግን ይሄን ምክር ማንም አይስማው። ብሌንደሩ በርግጥ ይነሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲግል ግን የሚያስቆመው የለም፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ፣ ከዚያ ኩሽናው።

ያንኑ ቁጥር የያዘች ፊውዝ ገዛሁ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ሁለት። ማታ ቁጭ ብዬ በየድኳት፣ ቱቦዋን አለበስኳት፣ ጥቅልሉ ላይ መልሼ አሰርኳት፣ ሁሉንም ገጠምኩ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ። ጭጭ። ደነገጥኩ። እንደገና ከፈትኩና ብለካት አዲሷም ተቆርጣለች። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ። የምበይድበት እርሳስ እንዲቀልጥ ብቻ ከ180 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ የመበየጃው ጫፍ ደግሞ ከ300 በላይ ነው፤ እኔ በ130 የምትሞትን ነገር ይዤ እበይዳለሁ። በገዛ እጄ ነው የገደልኳት።

ሁለተኛዋን እግሯን ረዘም አድርጌ ተውኩት፣ በፊውዙና በምበይድበት ቦታ መሃል በፒንሳ ያዝኩት፣ ሙቀቱን ፒንሳው እንዲጠጣው ማለት ነው፣ ነካ አድርጌ ቶሎ አነሳሁ። ከበየድኩ በኋላ ሳልገጥም መጀመሪያ ለካሁ። ቢፕ! (ከሁሉም የሚሻለው ግን ያለ ብየዳ ሽቦዎቹን በትንሽ ብረት ቱቦ ጨምቆ ማያያዝ ነው። ሁለቱን ከበየድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።) ከመሰካቴ በፊት ከስፒናው ሁለት እግሮች ወደ ሞተሩ ብረት ለካሁ፣ እዚህ ላይ ቢፕ ካለ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ እያለፈ ነው፣ በፍጹም አትሰኩት። ዝም አለ።

ጆጉን ባዶውን አስቀምጬ፣ ራሴ ራቅ ብዬ፣ ማብሪያ ባለው ማከፋፈያ በኩል አበራሁት። ተነሳ! በአየር መግቢያው ሳይ ካርቦኖቹ ጋ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ አለ፣ እሱ ጤነኛ ነው፤ መዳቡን ዙሪያውን የከበበ እሳት ቢሆን ኖሮ አጠፋው ነበር።

እንዲህ ስላችሁ ሁሉን ነገር እከፍታለሁ ማለት አይደለም። ማይክሮዌቭ አልነካም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ብሌንደሩን ገልብጬ የጎማ እግሮቹን ስመልስ ከስሩ የተለጠፈችውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። ሳያቋርጥ መሥራት የሚችለው 1 ደቂቃ ነው ትላለች። ስንት ዓመት ስንጠቀምበት ማንም አላያትም።

ለባለቤቴ አሳየኋት። አሁን እኔ ብሌንደሩን ሳበራ ከሳሎን ሆና ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሃምሳ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።