ጡረታው በስንት ይጨምር?

በብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ሲጨመር ሦስት መለኪያዎች ይነጻጸራሉ፤ የዋጋ ንረቱ፣ የአማካይ ደመወዝ ዕድገቱና 2.5 በመቶ ታይተው ትልቁ ይወሰዳል። ደንቡ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የታቸር መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. ጡረታን ከደመወዝ ለይቶ ከዋጋ ጋር ብቻ በማሰሩ፣ በ2000 የተደረገው ጭማሪ በሳምንት 75 ፔንስ ብቻ ሆኖ አረጋውያኑን ክፉኛ አስቆጥቷል።

ይሁንና የአሁኑ ስሌት፣ በእኔ እምነት፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም። ዋጋ ሲንር በ2023 ጡረታው 10.1 በመቶ አደገ፤ በዓመቱ ደግሞ ደመወዝ ያንኑ ንረት ለመድረስ ሲሮጥ እንደገና 8.5 በመቶ ተጨመረ። ስለዚህ አንዱ የኑሮ ውድነት ሁለት ጊዜ ይካሳል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ ዛሬ የሚሠራው ግብር ከፋይ ነው። ጭማሪው ደመወዝን እየተከተለ፣ ዋጋ ደመወዝን በሚቀድምባቸው ዓመታት ብቻ ለጊዜው ከለላ ቢደረግለት የተሻለ ይመስለኛል። ግን የጡረተኞችን ድምፅ የሚፈልግ ፓርቲ ይህን በምርጫ ሰሞን ደፍሮ አይናገረውም።

ለንደን ሠርቶ አዲስ አበባ ለመጦር ያሰበ ወገን ግን ሌላም ነገር ይወቅ፦ ኢትዮጵያ ዓመታዊ ጭማሪው ከሚከፈልባቸው አገሮች መካከል ስላልሆነች፣ እዚያ የሚኖር ጡረተኛ አበሉ ባለበት ይቆማል፤ እስራኤልና አሜሪካ ለሚኖረው ግን ይጨመርለታል።