ባጃጅ ተራ ላይ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ካለው ሱቄ ፊት ለፊት የባጃጅ ተራ አለ። ጠዋት ሠራተኛው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ያ ሰዓት የሚያልቀው በቲክቶክና በቤቲንግ ነበር። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ እናት ይጦራሉ፣ እቁብ አያዛንፉም። በየቀኑ ግን ከባድ ከባድ ነገር ይወስናሉ፣ የሚያማክራቸውም የለም። መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ እንዲያነቡ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ወጣት ወንድን "አንብብ" ካሉት ቁጣ ይመስለዋል። አባቱም ሰባኪውም ብለውታል። አብሮት ቁጭ ያለ ግን ማን አለ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ፊልጶስ ሲጠይቀው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ። ፊልጶስም ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። እኔም ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የመረጥነው መጽሐፈ ምሳሌን ነው። ተራው ላይ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ብዛት 81 ነው፣ 66 ነው የሚል ክርክር ከተነሳ ማንበቡ ይቀራል። ምሳሌ ግን ሁሉም ጋ አለ። በኦርቶዶክሱ የ81 ቆጠራ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ተግሣጽ ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል እንጂ ቃሉ ያው ነው። ምዕራፎቹ 31 ስለሆኑ ደግሞ ከቀኑ ጋር ይሄዳሉ። ቀኑ 5 ከሆነ ምዕራፍ 5። የእኛ ወር 30 ቀን ነውና በ30 ሁለት ምዕራፍ እናነባለን። ጳጉሜ ላይ ያመለጠንን እናሟላለን።

የሚያነበው ከእነሱ አንዱ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እኔ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ "ከዚህ ውስጥ ዛሬ የሚገጥመን የቱ ነው?"

አንድ ጊዜ ወር በገባ በ6ኛው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ተረኛው ልጅ መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። "ልጄ ሆይ፥ ለጓደኛህ ዋስ ብትሆን" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ለካ ጓደኛው በብድር ባጃጅ ሊገዛ ነውና ዋስ ሁነኝ ብሎታል። "ጋሼ፣ ይሄም ተጽፏል እንዴ?" አለኝ። ቀጥል አልኩት። ምዕራፉ፣ በአፍህ ቃል ተጠምደሃልና ሳትተኛ ሄደህ ራስህን አድን ይላል። ከዚያ ወሬው ደራ። አንዱ "በችግሩ ቀን ካልደረስክለት ምኑን ጓደኛ ሆንክ?" አለ። ሌላው ዋስ ሆኖ ከደመወዙ ስለሚቆረጥበት አጎቱ አወራ። እኔ ዝም አልኩ። ልጁ በኋላ አልፈረመም፤ እቁብ ሲደርሰው ግን የቻለውን ያህል ለጓደኛው ሰጠው። ሳምንት ሙሉ ብመክረው እዚህ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ስብከት አትጨምሩበት። ትልቅ ሰው ከምንባቡ በኋላ ረጅም ምክር ሲጀምር ልጆቹ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ስለ ቤቲንግ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም፤ ምዕራፍ 13 በችኮላ የመጣ ሀብት እንደሚጎድል፣ ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበው እንደሚበዛ ይናገራል። ራሳቸው አነሱት፣ ራሳቸው ተከራከሩበት። የቀረውንም ልጅ "የት ጠፋህ?" አትበሉት፤ በማግስቱ ይመጣል። ተሳፋሪ ከመጣ ደግሞ ንባቡ ይቁም፣ እንጀራቸው ነው። ከስልክ ይልቅ የወረቀቱን እመርጣለሁ፣ በየመሃሉ መልእክት አይገባበትም።

ምዕራፍ 31ን ግን አታሯሩጡት። ንጉሥ ልሙኤልን እናቱ ስለ ሴትና ስለ ወይን የመከረችው ምክር ነው። ብዙዎቹ ልጆች እናታቸውን ክፍለ ሀገር ትተው የመጡ ናቸው፣ ሲያነቡት ድምፃቸው ይቀየራል። እኛ ጋ ከንባቡ በኋላ እናት ቤት መደወል የተለመደው በዚህ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ወር እስኪገባ አትጠብቁ። ዛሬ 17 ከሆነ ከምዕራፍ 17 ጀምሩ።