አሳ አልወድም ብዬ ነበር

አሳ አልወድም እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ላይ አሳ ለኔ የጾም ወቅት የምሳ ሰዓት ጣጣ ነው። ግማሹ ባልደረባ «አሳ በጾም ይበላል»፣ ግማሹ «አይበላም» እያለ ሲከራከር ሳህን ላይ የሚቀዘቅዝ ጉላሽ። በዚህ ግትርነቴ ነው አርባ ምንጭ የገባሁት።

የሄድኩት ለሥራ ነው፤ ሁለቱን ቀን ግን ለራሴ አስተርፌያለሁ። መንገዱን አላወራም። በሆሳዕና አድርገን፣ ሶዶ ላይ ቁርጥ በልተን፣ ሲጨልም ደረስን። (የሶዶ ቁርጥ እንዲህ መታለፍ አልነበረበትም፤ ይቅር ይበለኝ።)

ሌሊቱ ግን ይወራል። ያረፍኩበት ሆቴል አጎበር አለው፤ አጎበሩ ደግሞ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። በካልሲዬ ቋጠርኩት። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋና ቬንትሌተሩ ቆመ። እኛ ሰፈር በዚህ ሰዓት ብርድ ልብስ ይደረባል። እዚህ አንሶላውም አላስተኛ አለኝ። የትንኟን ድምፅ እያዳመጥኩ ነጋ።

በማግስቱ ምሳ ሴቻ ወጣሁ። ሴቻ የከተማው የላይኛው ክፍል ነው፤ የታችኛው ሲቀላ ይባላል። በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ሁለቱ ሐይቆች ከነግርማቸው ይታያሉ። አባያ እንደ ወተት ሻይ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሀላቸው ላይ የእግዜር ድልድይ። እውነቱን ለመናገር የከፈልኩት ለእሱ ነው። አሳ ኮተሌቱ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጣ፤ ላዩ በዳቦ ፍርፋሪ ተጀቡኗል፣ ውስጡ ፍሪጅ ፍሪጅ ይላል። ሂሳቡ ላይ ሰላጣ ተደምሯል።

«ሰላጣ አላዘዝኩም እኮ» አልኩ።

«አብሮ ነው የሚመጣው» አለኝ አስተናጋጁ።

«መች መጣ?»

ዝም አለ። ከፍዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ፣ የሰው አገር ነው።

ያዳነኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። የት በላህ ብሎ ጠየቀኝና ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ወንድሜ፣ እዛማ ፎቶ ነው የሚነሱት። አሳ ከፈለግህ ነገ ረፋድ ላይ ጠብቀኝ።» ቀጠሮ አክብሮ መጣ፤ ይሄ ራሱ ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ ነው። በማግስቱ ሲቀላ ውስጥ፣ ታፔላ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በር ላይ አወረደኝ። 50 ብር ብቻ ተቀበለኝ። የመጀመሪያው ቀን ሹፌር ከመናኸሪያ ሆቴሌ ድረስ 300 ብር ወስዶብኝ ስለነበር ልስመው ምንም አልቀረኝም።

የቤቱ እናት ገና ሳልቀመጥ አንዱን ቆሮሶ በጅራቱ አንጠልጥለው መጡ። «የጫሞ ነው ልጄ፣ የዛሬ ጠዋት። ዓይኑን እየው።» አየሁት። እንደ ብርጭቆ የጠራ ዓይን። አሳውም እኔን ያየኝ መሰለኝ።

ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ መጣ። ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ ድረስ በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቋል፤ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ስንጥቁ ተከፍቶ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቆሟል። ጫፉ ኩርሽም ይላል፣ ሥሩ ነጭና እርጥብ ነው። ሎሚ ጨመቅኩበት። አጠገቡ በትንሽ ሳህን ዳጣ አለ። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው አንድ ላይ ተፈጭቶ አፍንጫ ይሰረስራል። አንዱን ጥርስ ነቅዬ፣ ዳጣ ነክቼ ጎረስኩ። እንባዬ መጣ፤ የዳጣው ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ አሳ አዘዝኩ። የሁለቱ ሂሳብ ከሴቻው ኮተሌት ያንሳል፤ ሰላጣውን ሳልቆጥር።

ከሰዓት ዶርዜ ወጣሁ። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ላይ ስንደርስ ብርዱ እንጦጦን አስታወሰኝና ተገላገልኩ። ዝሆን የሚመስሉትን ቤቶች ሁሉም ፎቶ ስለሚያነሳቸው እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አንዲት እናት የእንሰቱን ግንድ ሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቃሉ። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። አንዱ የቆየ ተከፍቶ ነበር፤ ሽታው ቀልድ አያውቅም። ቆጮን እኔ የማውቀው ክትፎ ቤት ነው፤ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ተቆራርጦ ክትፎው ካለቀም በኋላ ሳህኑ ላይ የሚቀር ነገር። እዚህ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ጠበቅኩ። ቅጠሉ ሲገለጥ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ጠርዙ አረር ብሏል፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ማርና ዳጣ ቀረበ።

«የቱን ላስቀድም እትዬ?» አልኳቸው።

«ሁለቱንም» አሉኝ፤ እንዲህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን።

ስመለስ ለእናቴ አንድ ጋቢ፣ አንድ ከረጢት ማንጎና በሃይላንድ ዳጣ ይዤ ነበር። ሽሮ ሜዳም የዶርዜ ሸማኔ መች ጠፋ፣ ግን ከምንጩ ሲገዛ ኩራት አለው። ችግሩ ዳጣውን ከጋቢው ጋር አንድ ቦርሳ መክተቴ ነው። ሙቀቱ ክዳኑን አላልቶት አዲስ አበባ እስክንገባ አብሬያቸው የተሳፈርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያነጥሱ ነበር።

እናቴ ጋቢውን ሁለቴ አጠበችው። ጥለቱ ላይ ያለው አረንጓዴ አሁንም አልለቀቀም። ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈችውን ዳጣ ግን በሦስት ቀን ጨርሳ፣ «ሌላ አላመጣህም?» አለችኝ።