ጎንደር የገባው ብሩስ እውነት ብሩስ ነበር? የአንድን ስም ሐረግ እንዴት እንደተከታተልኩ

የጎንደርን ታሪክ ያነበበ ሰው ጄምስ ብሩስን ያውቀዋል። በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ግሽ ዓባይን አይቶ፣ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ አገሩ የተመለሰው ረጅሙ ስኮትላንዳዊ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውዬው በዘሩ ይኩራራ ነበር። የስኮትላንዱ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ ወገን ነኝ ባይ ነው። እስቲ እውነቱን ልየው ብዬ ተነሳሁ።

የቤተሰብ ስም የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ ከንጉሡ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም የንጉሥ ዘር ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ እኛ አገር ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ከታች ጀመርኩ።

አባቱ ዴቪድ ብሩስ ይባላል፤ የኪኔርድ ባለርስት ነው። እስከዚህ ሰላም ነው። አያቱ ግን ዴቪድ ሄይ ሆኖ አረፈው! ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሄይ የኪኔርድን ርስት ወራሽ ሄለን ብሩስን አገባ፤ ከዚያ የራሱን ስም ትቶ የሚስቱን ወሰደ። በስኮትላንድ ባላባቶች ዘንድ ይህ ያልተለመደ አልነበረም። ወንድ ወራሽ ሲጠፋ ርስቱ በሴት ልጅ ያልፋል፤ ስሙ እንዳይጠፋ ደግሞ ባልየው ይለውጣል። እንግዲህ የጎንደሩ እንግዳ በአባት በአባት ከተቆጠረ ሄይ ነው።

ከዚህ በኋላ ስሙን ትቼ መሬቱን ተከተልኩ። ኪኔርድ ከኤርዝ ብሩሶች የመጣ ርስት ነው፤ የኤርዞቹ ደግሞ ከክላክማናን ብሩሶች የወጡ ናቸው። የንጉሡ ቤት ግን ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ሮበርት በ1306 ነገሠ፣ በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዝን ጦር ድል መታ። ልጁ ዳግማዊ ዴቪድ በ1371 ልጅ ሳይተካ ሞተ። ዘውዱ የሮበርት ሴት ልጅ ማርጆሪ ለወለደችው ልጅ አለፈ። እሱ ደግሞ በአባቱ ስቱዋርት ነው። ስለዚህ የንጉሡ ደም በሴት በኩል ከብሩስ ስም ወጣ፤ ኪኔርድ ላይ ደግሞ በሴት በኩል ሌላ ደም ወደ ስሙ ገባ። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይሄ ነው።

ስሙ ራሱ ስኮትላንድ ውስጥ አልተወለደም። ፈረንሳይ አገር፣ ሼርቡርግ አጠገብ ብሪ የምትባል የኖርማንዲ መንደር አለች፤ መነሻው እሷ ናት። ቀዳማዊ ዴቪድ በ1124 አናንዴል የሚባለውን ግዛት ለንጉሥ ሮበርት የሩቅ አያት፣ ለሮበርት ደ ብሩስ ሲሰጥ ደብዳቤውን የጻፈው «ለፈረንሳዮችና ለእንግሊዞች» ወዳጆቹ ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ መሆኑን ልብ በሉ!

እናንተም መሞከር ካማራችሁ፣ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ግቡ። እስከ 1854 ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ከ1855 ጀምሮ የመንግሥት ነው። የመንግሥቱ ይሻላል፤ የሞት መዝገብ እንኳ የሟቹን እናት ከነአባቷ ቤት ስም ይጽፋል። የድሮ ስኮትላንዳዊት ስታገባም በሰነድ ላይ የአባቷን ስም አትጥልም ነበር፤ ልክ እንደኛ። ስለዚህ ወንዱ ሲጠፋባችሁ ሚስትየውን ፈልጉ። የመዝገቡን ምስል ለመክፈት ይከፈላል፤ ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አትክፈቱ።

አሁን የሄይን ሐረግ ጀምሬያለሁ። እሱም ከኖርማንዲ የመጣ ስም ነው። ሰውዬው በሁለቱም ስም ከፈረንሳይ አላመለጠም።