ኖራ ያወጣው ስንጥቅ

ባለፈው ጥር አጋማሽ ከፎገራ ሜዳ በተመለስኩ ማግስት፣ ማለዳ ላይ ከላንድክሩዘሬ ሥር ባለው የግቢዬ ንጣፍ ላይ መዳፍ የሚያህል የዘይት እድፍ አየሁ። የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ ባልደነገጥኩ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ጥቂት ዘይት ማንጠባጠቡ እንደ ጠባይ ይቆጠርለታል ብዬ ለሁለት ዓመት ያህል በዝምታ ሳልፈው ኖሬአለሁ። ይኸኛው ግን ወፈር ያለና የድኝ ሽታው አፍንጫ የሚወጋ የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት ነበር።

ሥራዬ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ፣ አንዳንዴም እስከ ርብ ወንዝ ዳር ድረስ፣ ለሽንኩርትና ለሩዝ አምራቾች የውኃ መሳቢያ ሞተሮችን ማድረስና መጠገን ነው። የፎገራ መሬት መረሬ ነው። በክረምት ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ትራክተርና ጋሪ የቀደዱት መስመር እንዳለ ይደርቅና በሁለቱ የጎማ ፈለጎች መካከል የሚቀረው ጉብታ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያን ቀን አንዱ ጉብታ ከመቀመጫዬ ሥር ጓ ብሎ ሲመታ ሰምቼ ስለነበር፣ እድፉን እንዳየሁ ጥፋተኛውን ያገኘሁ መሰለኝ። መሳሳቴን ለማወቅ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መኪናዬን የምወስድበት ጋራዥ በከተማዋ ዳር ያለ ትንሽ ግቢ ሲሆን፣ ባለቤቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት መካኒክ ናቸው። የምንፈታው መኪና የጃፓን፣ የጥገና መጽሐፉ የእንግሊዝኛ፣ የምንነጋገርባቸው ቃላት ግን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖና ኩሽኔታ እያሉ ከጣልያን የመጡ ናቸውና፣ ከእሳቸው ጋር መኪና ሥር መተኛት ሁልጊዜ ሦስት አገር የመጎብኘት ያህል ነው። ጋሼ የካምቢዮውን ሆድ በቤንዚን አጥበው በጨርቅ አደረቁና ሞተሩን አስነሥተው ጠበቁ። ዘይቱ የወጣው ካምቢዮው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ከትራንስፈሩ ጋር ከሚገጥምበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የካምቢዮውን ቤት (ማርሾቹን የሚይዘውን የውጭ አካል) ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከሚገባበት የአልሙኒየም ጆሮ ሥር ነበር። ስንጥቁ ከጆሮው ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ፀጉር የሚያህል መስመር ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ካምቢዮ ማውረድ የብዙ ቀን ሥራ በመሆኑና የሽንኩርት ውኃ ማጠጫው ወቅት ላይ ስለነበርን፣ ጋሼ እያጉረመረሙ ስንጥቁን በብረት ሙጫ እንዲለስኑልኝ አደረግሁ። ሙጫው ዘጠኝ ቀን ቆየ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የማይበረክተው ሙጫው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ስንጥቁ ውስጥ ዘይት ስለሚቀር ሙጫው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ዘይቱን ነው፤ ከዚያም በላይ ጆሮው ሸክም የሚሸከም ክፍል በመሆኑ፣ ማርሽ በተለወጠና ፍሪሲዮን በተለቀቀ ቁጥር ስንጥቁ በጥቂቱ ይከፈትና ይዘጋል። ዘይት ብቻ በሚይዝና ሸክም በሌለበት ስስ ሽፋን ላይ ቢሆን ኖሮ ሙጫው ከአንድ ጉዞ አስመልሶ ቤት ሊያደርሰኝ ይችል ነበር።

ስለዚህ ወረደ። ሁለቱ ፕሮፔለር ሻፍቶች ተፈቱ፣ የማርሽ መለወጫ እጀታዎቹ ከላይ ተነሡ፣ ካምቢዮና ትራንስፈሩ እንደ ተያያዙ በክሪክና በሰንሰለት ተደግፈው ወደ ኋላ ተሳቡ። ማርሾቹና ዘንጎቹ ወጥተው ባዶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ዓይን የሚያየው ስንጥቅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ጋሼ ግን «ዓይን አይታመንም» ብለው ረዳታቸውን ነጭ ጋዝና ኖራ እንዲያመጣ ላኩት።

ይህ ፍተሻ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ሰው አይሠራውም። ቤቱ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ከውጭ በኩል በውኃ የተበጠበጠ ኖራ በስሱ ይቀባና ይደርቃል፤ ከዚያ ከውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይቀባል። ነጭ ጋዝ ከዘይት ይልቅ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ዓይን በማያየው ክፍተት ሁሉ ሾልኮ ኖራውን ያጠቁረዋል። እኛም ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና ስንጠጣ ቆይተን ስንመለስ፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያልነው ስንጥቅ አሥራ አንድ ሆኖ ጠበቀን። ከርዝመቱ ይልቅ ያስከፋኝ አቅጣጫው ነበር። የጠቆረው መስመር ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ታጥፎ፣ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው የኋላው ኩሽኔታ በሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ደርሶ ነበር።

መበየድ ወይስ መለወጥ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በዚህች ጠርዝ ላይ ነው። አልሙኒየም አይበየድም የሚሉ ሰዎች ትክክል አይደሉም። አስቸጋሪ የሚያደርገው ከላዩ የሚለብሰው ኦክሳይድ ነው፤ ንጹሕ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀልጥ፣ ቅርፊቱ ግን 2,000 ዲግሪን ካላለፈ አይቀልጥም። በያጁ ቅርፊቱን እስኪያቀልጥ ሲጠብቅ ውስጡ ያለው ብረት እንደ ውኃ ይፈስበታል። የአርጎን ብየዳ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሠራ ግን ኤሌክትሪኩ ራሱ ቅርፊቱን ይሰብረዋል፤ ጋዙ ደግሞ አየር እየከለከለ አዲስ ቅርፊት እንዳይበቅል ያደርጋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የጠጣውን ዘይት ለማስወጣትም ቤቱን ደጋግሞ ማሞቅና ማጠብ፣ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ እንዳይቀጥል ትንንሽ ቀዳዳ መብሳት፣ ስንጥቁን በሞረድ ከፍቶ ሰፋ ማድረግ፣ አምስት በመቶ ያህል ሲሊከን ባለው የብየዳ ዘንግ በአጭር በአጭሩ መበየድና በደረቅ አመድ ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። ይህን ጠንቅቀው የሚሠሩ እጆች አሉ፤ በተራ ኤሌክትሮድ «በአንድ ሰዓት እጨርስልሃለሁ» ያለኝም ሌላ በያጅ አለ፣ ሳላመነታ አመስግኜው ሄድኩ።

ጥሩ በያጅም ቢሆን ግን የኩሽኔታውን መቀመጫ ከሙቀት ሊያድነው አይችልም። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ክቡ ቀዳዳ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጣመም ኩሽኔታው ወይ ይጨናነቃል ወይ ይላላል፣ ዘንጎቹም ትይዩ መሆናቸው ይቀራል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን እንደገና በልኩ ማስፈልፈል ይቻላል፤ ያን ያህል ትክክለኛ ሥራ ግን ከሌላ ቤት ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ስንጥቁ ከመቀመጫው አራት ጣት ርቆ ቢቆም ኖሮ አስበይደው ነበር። ደርሷልና ተለወጠ።

ውሳኔው እንዳለቀ ጋሼ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። መዶሻ አንሥተው የተሰነጠቀውን ጆሮ በአንድ ምት ገንጥለው ጣሉትና፣ ስባሪውን በፀሐይ በኩል አዙረው አሳዩኝ። የተሰበረው ፊት ሁለት መልክ ነበረው፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ጥቁርና ለስላሳ፣ የቀረው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ አዲስ ስብራት። «ይኼ የትናንት አይደለም፣ ከርሟል» አሉ። የጠቆረው ክፍል ለወራት እየከፈተና እየዘጋ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ስንጥቅ ነው። የፎገራው ጉብታ የጨመረው ነገር ቢኖር የመጨረሻውን ትንሽ ክፍል ነው።

ታዲያ ማን ሰነጠቀው? መልሱን ያገኘነው ቤቱን ሳይሆን የተቀመጠበትን የጎማ ትራስ ስንመለከት ነው። ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ጎማ እንደ በሰለ በለስ ለስልሶ፣ ብረትና ብረት መነካካት ጀምረው ነበር። ጎማውን ያለሰለሰው የሞተር ዘይት ነው። በሞተሩ ጫፍ ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ከቮላኖው፣ ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ አርጅቶ ስለሚያፈስ፣ ዘይቱ በፍሪሲዮን ቤቱ ሥር ወርዶ፣ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ወደ ኋላ እየነዳው ጎማው ላይ ሲያርፍ ከርሟል። እኔ እንደ ጠባይ ይቅር ያልኩት ጠብታ ነው። የማገጃው ዋጋ በሐይቁ ዳር ለሁለት ሰው ከሚቀርብ የዓሣ ምሳ ብዙም አይበልጥም፤ ለመድረስ ግን ካምቢዮ ማውረድን ስለሚጠይቅ ሁልጊዜ ለነገ ይባላል።

ምትክ ቤቱን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነበር። አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተከለከለ በኋላም አሮጌውን መኪና ማቆየት የሚፈልገው ሰው የበዛ ይመስለኛል። አዲስ አበባ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከአንድ ነጋዴ ገዝቶ የላከልኝ የመጀመሪያው ቤት የብር ቀለም ተቀብቶ ያምር ነበር፤ ቀለሙን በፋቅነው ጊዜ ከሥሩ የቆየ ብየዳ ተገኘ፣ ኖራውም አጠቆረው። ሁለተኛውን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሲገዛ ግን ሳይቀባ እንዲገዛ፣ በቤቱ ላይ የታተመውን ቁጥርና የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ ከእኛው ፎቶ ጋር እንዲያስተያይ፣ በተለይም የኩሽኔታ መቀመጫዎቹን በጥፍሩ እንዲዳስስ ነገርኩት። ከሁሉ በፊት ኖራ እንዲቀባውም ነግሬው ነበር፣ ነጋዴው ስቆበት እንደነበር በኋላ አጫወተኝ።

መግጠሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልንገር። ኩሽኔታን በመዶሻ እየመቱ ቀዝቃዛ አልሙኒየም ውስጥ ማስገባት አዲሱን ቤት ለአዲስ ስንጥቅ ማዘጋጀት ነው። ጋሼ ቤቱን የሚያሞቁበት ውኃ በርሜል ውስጥ አፈሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አልሙኒየም በሙቀት የሚያድገው ከብረት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ስለሆነ፣ ስምንት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በዚያ ሙቀት ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። በጎረቤት ሱቅ ማቀዝቀዣ ያደረው ኩሽኔታ ያለ አንድ የመዶሻ ምት ጠብ ብሎ ገባ፤ ረዳቱ አጨበጨበ። ውኃው ወዲያው በአየር ተነፍቶ ከደረቀ በኋላ ቤቱ በዘይት ተጠረገ፤ የዘንጎቹም ጨዋታ (ወዲያና ወዲህ የሚሉበት ትንሽ ክፍተት) እንደገና ተለክቶ ስስ ቀለበቶቹ ተለወጡ፤ የአሮጌው ቤት ልክ ለአዲሱ አይሠራምና።

የሞተሩ ዘይት ማገጃና የካምቢዮው ጎማም አብረው ተለወጡ። የፍሪሲዮን ቤቱን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ስንቆጥራቸው አንድ ጎድሎ ነበርና እሱም ተተካ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሼ ሁሉም በልካቸው ጠበቁ። አሮጌውን ቤት ጋሼ ወስደው ለረዳታቸው የአርጎን ብየዳ መለማመጃ አድርገውታል፤ ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሦስተኛውን መስመር ጨርሶ ኖራ እየቀባው ነበር።